ስሙ የተሰወረ ሠዓሊ፦ ሉዊጂ ባሉጋኒና አሳዳሪው ጄምስ ብሩስ በግሽ ዓባይ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ የዓባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደብረ ማርቆስ ከተማ ይደርሳል። በስተቀኙ የጮቄ ተራራ ደመና ለብሶ ይታየዋል። ከዚያም ደምበጫን፥ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ ወደ ሰከላ ቢታጠፍ፥ ግሽ ከሚባለው ተራራ ሥር፥ ከረግረግ መስክ መካከል የምትፈልቅ አንዲት አነስተኛ ምንጭ ያገኛል። ይህች ምንጭ የግልገል ዓባይ መነሻ ናት፤ ውሃዋ ወደ ጣና ይወርዳል፥ ከጣናም ታላቁ ዓባይ ይወጣል። ምእመናን ጸበል ብለው ይጠመቁባታል፤ የአቡነ ዘርዐ ብሩክንም ስም ይጠሩባታል።

ስለዚህች ምንጭ ብዙ ተጽፏል። በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ግን ወደ እርሷ ብሩሽና ወረቀት ይዞ ስለ መጣ አንድ ሠዓሊና የሠዓሊውን ደመወዝ ስለ ከፈለ አንድ ባለጸጋ ነው። ሠዓሊው የኢጣልያ ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ፥ ባለጸጋውም የስኮትላንድ ባላባት ጄምስ ብሩስ ይባላሉ። ሁለቱ በአንድ መንገድ ተጓዙ፥ አንድ እንጀራ በሉ፥ አንዱን ምንጭ አዩ። በመጽሐፍ ተጽፎ ዓለም ያነበበው ግን የአንደኛውን መድረስ ብቻ ነበረ። ይህ ስለ ምን ሆነ? እውነቱስ በኋላ እንዴት ሊወጣ ቻለ? አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በእኛ አቈጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጄምስ ብሩስ በ1730 ኪኔርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። ቁመቱ እጅግ ረዥም፥ ጠባዩ ኩሩ፥ ቁጣውም ፈጣን ነበረ። በርስቱ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ስለሚወጣ ከዚያ የሚያገኘው ገንዘብ ለሩቅ ጉዞ የሚበቃ ሆነለት። ከ1763 እስከ 1765 በአልጀርስ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ጄኔራል ሆኖ አገለገለ። በዚያ ሳለ በሰሜን አፍሪካ የቀሩትን የጥንት ሮማውያን ሕንፃዎች ለመመርመርና ለማሣል አሰበ። እርሱ ራሱ ጥቂት መሣል ቢያውቅም ሥራው የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ ነበረ። ስለዚህ በኢጣልያ ሠዓሊ አስፈልጎ በ1765 ሉዊጂ ባሉጋኒን በደመወዝ ቀጠረ።

ባሉጋኒ በ1737 በቦሎኛ ከተማ የተወለደ ወጣት ነበረ። በከተማዪቱ በሚገኘው ክሌሜንቲና በተባለው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የሕንፃ ንድፍ ተምሮ ከዚያም በሮም ሠርቷል። ወደ አልጀርስ ሲሻገር ዕድሜው 28 ዓመት ያህል ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከብሩስ አልተለየም። በአልጄሪያ፥ በቱኒዝያና በሊቢያ የሮማውያንን ፍርስራሽ፥ ቀጥሎም የፓልሚራንና የበዓልበክን ዓምዶች እየለካ ሣለ። በ1768 ሁለቱ ወደ ግብፅ ተሻገሩ፤ በ1769 መስከረም ወር ላይ በቀይ ባሕር በኩል ምጽዋ ደረሱ።

እዚህ ላይ ባሉጋኒ ይዞት የመጣው ጥበብ ምን እንደ ነበረ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የውሃ ቀለም ሥዕል ለእኛ አገር የሥዕል ልማድ እንግዳ ነበረና።

በቤተ ክርስቲያኖቻችን ሠዓሊው የጥጥ ጨርቅ በግድግዳ ላይ ለጥፎ፥ መደቡን በነጭ ቀብቶ፥ ቀለሙን በማጣበቂያ በጥብጦ ወፈር አድርጎ ይቀባል። ቀለሙ መደቡን ይሸፍነዋል፤ ብርሃንም ሲያስፈልግ ነጭ ቀለም ይጨመራል። የውሃ ቀለም ግን አሠራሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ እንደ ዱቄት ከተፈጨ በኋላ በግራር ሙጫ ይለወሳል፥ ከዚያም በብዙ ውሃ ቀጥኖ በወረቀት ላይ ይፈስሳል። ሙጫው ውሃው ሲተን ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ የሚያስቀር ነው። ቀለሙ ስስ ስለ ሆነ የወረቀቱ ንጣት በውስጡ ያልፋል፤ ስለዚህ የሥዕሉ ብርሃን ራሱ ባዶው ወረቀት ነው። ሠዓሊው ደመናን ወይም ፏፏቴን ነጭ ሊያደርግ ሲፈልግ ሥፍራውን ሳይነካ ይተወዋል። አንድ ጊዜ የፈሰሰ ቀለም ተመልሶ ስለማይነሣ፥ ሠዓሊው ብሩሹን ከመንከሩ በፊት የሚቀባውንና የሚተወውን ለይቶ መወሰን አለበት።

ይህ ጥበብ ለመንገደኛ የተመቸ ነው። ወረቀቱ፥ ብሩሹና ቀለሙ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ገብተው በበቅሎ ይጫናሉ፤ ሥዕሉም በጥቂት ጊዜ ይደርቃል። ችግርም አለበት፤ የደጋ ጉምና ዝናብ ወረቀቱን ያረጥበዋል፥ የቈላው ሙቀት ደግሞ ቀለሙ በደንብ ሳይዘረጋ ያደርቀዋል። በለንደን ሪቭስ የተባሉት ወንድማማች ነጋዴዎች ተዘጋጅቶ የደረቀ የውሃ ቀለም መሸጥ የጀመሩት በ1780 ገደማ ስለ ሆነ፥ በባሉጋኒ ዘመን ቀለሙን መፍጨትና በሙጫ መለወስ የባለሙያው የራሱ ሥራ ነበረ። ሙጫው በሱዳንና በኢትዮጵያ ቈላ ከሚበቅል ግራር የሚገኝ መሆኑን ስናስብ፥ ከእኛው አካባቢ ወጥቶ ወደ አውሮፓ የሄደው ነገር በሠዓሊ ሣጥን ሆኖ ተመለሰ ለማለት እንችላለን።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ብሩስና ባሉጋኒ በትግራይ በኩል አልፈው በ1762 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የካቲት ወር ላይ ጎንደር ገቡ። ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ነበረ። በዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ተቀምጠው ነበር፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ስለ ነበር ብሩስ በሕክምና ዕውቀቱ ረድቶ የእቴጌ ምንትዋብንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ። በቍስቋም በእቴጌዪቱ ግቢ እንግድነት ተቀበሉት።

እቴጌ ምንትዋብ የእንግዳውን ዓላማ በሰሙ ጊዜ እጅግ ተገረሙ። እርሳቸው ከሁሉ አብልጠው የሚመኙት ኢየሩሳሌምን ማየት ነበረ፤ ይህ ሰው ግን ኢየሩሳሌም በምትገኝበት በኩል መጥቶ የጎጃምን ረግረግ ለማየት ሕይወቱን ይሰጣል። ብሩስ ራሱ ይህን አነጋገራቸውን በመጽሐፉ መዝግቦታል።

የመጀመሪያው ሙከራ በ1770 የጸደይ ወራት ሆነ። ብሩስ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየ፤ ነገር ግን በጦርነቱ ምክንያት ወደ ምንጩ ሳይደርስ ተመለሰ። ሁለተኛው ጉዞ በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ ተጀመረ። የዳሞትና የአገው ምድር መንገድ በደጃዝማች ፋሲል እጅ ስለ ነበረ፥ እንግዳው ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ሰፈራቸው ሄደ። ፋሲልም በመጀመሪያ ተቈጥተው በኋላ ግን መሪ ሰጡት፤ ኮርቻ የተጫነ ፈረስም ጨምረው፥ ሳይቀመጥበት ከፊቱ እያስነዳ እንዲሄድ አዘዙት። የአገሩ ሰው ሁሉ ፈረሱን ያውቀው ስለ ነበር እርሱን ያየ ሁሉ እንግዳውን አሳለፈው። በዚያ ዘመን ይህ ፈረስ እንደ ዛሬው የይለፍ ወረቀት ሆኖ አገለገለ።

ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ይኸውም በኅዳር 4 ቀን 1770፥ መንገደኞቹ ከግሽ ኮረብታ ራስ ላይ ደረሱ። ወልዶ የተባለው መሪ ቦታውን ከማሳየቱ በፊት ከብሩስ ወገብ ላይ ያለውን ቀይ የሐር መቀነት ተቀበለ። ምንጩ በአገሬው ዘንድ የተከበረ ስለ ሆነ ጫማውን እንዲያወልቅ ተነገረው። ብሩስ ባዶ እግሩን ቁልቁል ሮጠ፤ ሁለት ጊዜም ወደቀ። ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ክብር ጠጣ። ስትራቴስ የተባለ አንድ ግሪካዊ ባልደረባውም አብሮት እንደ ነበረ ጽፏል። በቀጠሉትም ቀናት የቦታውን ኬክሮስ በመሣሪያ ለክቶ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ገደማ አገኘ፤ ይህም ዛሬ ከሚታወቀው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ ባሉጋኒ የለም። ብሩስ በመጽሐፉ ሠዓሊው ወደ ግሽ ከተደረገው ጉዞ አስቀድሞ በጎንደር በተቅማጥ በሽታ እንደ ሞተ አድርጎ ጽፏል። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ በምንጩ አጠገብ የቆመው አውሮፓዊ ምሁር አንድ ብቻ ነው ብሎ አመነ።

ነገሩ የሆነው ግን እንዲህ አልነበረም። ባሉጋኒ በሕይወት ነበረ፤ ከብሩስም ጋር ወደ ግሽ ወጥቷል። የዕለቱን ጉዞና የአየሩን ጠባይ በኢጣልያንኛ በራሱ እጅ ይመዘግብ ነበረ። በጎንደር የሞተው ከግሽ ከተመለሱ በኋላ ነው። ዕድሜው ከ33 ዓመት ብዙ አላለፈም ነበር። በባዕድ አገር ሲሞት የስድስት ዓመት ድካሙ በሙሉ በአሳዳሪው ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ለመሆኑ ሥራው ምን ይመስል ነበር? ባሉጋኒ በአገራችን ሳለ ከሁሉ ይልቅ ያተኰረው አገሩን በለበሰው ነገር፥ ይኸውም በዛፉ፥ በቍጥቋጦው፥ በአበባውና በአዕዋፉ ላይ ነው። የደጋውን መልክ ቅጠል በቅጠል አነበበው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶ፥ ቁልቋል፥ ዋንዛ፥ ቀንጠፋ፥ እንሰትና ጤፍ በሥዕል ይገኛሉ፤ ከአዕዋፍም እርኩምና ዋልያ የተባለችው እርግብ አሉ። ስለ ቀንጠፋ የተጻፈው ለአገራችን ሰው የሚያስቅ ነው፤ ንጉሥ ለዘመቻ ሲነሣ እሾሁ የመንገደኛውን ልብስ ስለሚቀድ ቀንጠፋ እንዲመነጠር በዐዋጅ ይነገር ነበር ይላል።

እንዲህ ያለውን ሥዕል ለመሥራት ፈጣን እጅና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የተቈረጠ ቅርንጫፍ በጥቂት ሰዓት ይጠወልጋል። ስለዚህ መንገደኛ ሠዓሊ አስቀድሞ በእርሳስ ቅርጹን ይይዛል፥ የአበባውን ክፍሎች ለይቶ በጐን ይሥላል፥ የቀለሙንም ዓይነት በጽሑፍ ያስታውሳል፤ ዕረፍት ሲያገኝም በውሃ ቀለም ያጠናቅቀዋል። የኮሶ ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የተንዠረገገው ቀይ አበባና ጥርስ ያለው ቅጠሉ እንዲህ በትክክል ስለ ተሣለ፥ ኮሶን ያየ የጎጃም ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ለብሩስ የሚገባውን እንስጠው። ሥዕሎቹ ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኙት በእርሱ ጥረት ነው። ብሩስ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወደ ግብፅ ተጓዘ። በኑብያ ምድረ በዳ ግመሎቹ አለቁ፤ ውሃና ስንቅም ጠፋ። ሕይወቱን ለማትረፍ ሲል መሣሪያዎቹን፥ ጽሑፎቹንና ሥዕሎቹን በአሸዋው ላይ ጥሎ በእግሩ ሄደ። በ1772 ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ እግሩ አብጦና ቈስሎ አስዋን ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃኛል ባለ ነበር። እርሱ ግን አዲስ ግመሎች ይዞ ወደ በረሓው ተመለሰ፥ ዕቃውንም በሙሉ አንሥቶ አመጣ። የባሉጋኒ ወረቀቶች በአሸዋ ተቀብረው ያልቀሩት ስለዚህ ነው። ደመወዙን የከፈለ፥ በሽፍታና በጦር መካከል ያሳለፈ፥ ሥዕሉንም ከበረሓ ያዳነ ይህ ሰው ነው። ያለ እርሱ ባሉጋኒ የጎጃምን ምድር ባልረገጠም ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ደጋፊ የሠዓሊውን ስም ለምን ሰወረ? መልሱ በምንጩ ላይ ነው። ብሩስ ከሁሉ ነገር አብልጦ የፈለገው የዓባይን ምንጭ በማየት የመጀመሪያውና ብቸኛው አውሮፓዊ መባልን ነበረ። ዳሩ ግን ፖርቱጋላውያንን ተከትሎ የመጣው እስፓኛዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከእርሱ 150 ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ1618፥ ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ የፓኤዝን ምስክርነት ሐሰት ነው ብሎ ካደ። ባሉጋኒን ደግሞ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ገደለው። ከሞተ ሰው ጋር ክብርን መካፈል አያስፈልግምና። ሥዕሎቹንም የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረበ።

ከዚህ የተነሣ የመጣበት ቅጣት የሚያሳዝንም የሚያስተምርም ነው። በ1774 ለንደን ሲመለስ ብዙዎች ቀልድ አደረጉት። ስለ ኢትዮጵያ የተናገረው እውነት ሁሉ እንደ ተረት ተቈጠረበት። ተቈጥቶ ብዙ ዓመት ዝም ካለ በኋላ በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ። በዚያን ጊዜም ጥርጣሬው አልጠፋም። በጎንደር ያየውን የሚመሰክርለት ሁለተኛ የተማረ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ያህል በጠቀመው! ያንን ምስክር ግን በገዛ ብዕሩ ከመንገዱ አስወግዶታል። በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ በቤቱ ደረጃ ሲወርድ ወድቆ ሞተ።

እውነቱን የገለጠው ሰው ታሪክም ሊነገር የሚገባው ነው። አሌክሳንደር ማሬ በ1775 በስኮትላንድ ከድኻ እረኛ ቤት የተወለደ ሰው ነበረ። አባቱ ፊደል ያስተማረው በተቃጠለ እንጨት ጫፍ በአሮጌ የሱፍ ማበጠሪያ ጀርባ ላይ እየጻፈ ነው። ይህ ልጅ በራሱ ጥረት ብዙ ቋንቋ ተማረ፤ ከእነዚህም አንዱ ግዕዝ ነበረ። የብሩስን መጽሐፍ በሁለተኛ ጊዜ ለማሳተም በታሰበ ጊዜ ሥራው ለማሬ ተሰጠ፤ የሟቹም ወረቀቶች ሁሉ ተከፈቱለት። በዚያም የባሉጋኒን የእጅ ጽሑፍ አገኘ። ቀኖቹን ሲያስተያይ ሠዓሊው ሞቷል በተባለበት ጊዜ በሕይወት ሆኖ፥ ወደ ግሽ የተደረገውን ጉዞ ይመዘግብ እንደ ነበረ ተረዳ። ማሬ በ1805 ባወጣው እትም ይህን አልደበቀም። የመጽሐፉ ባለቤት የሚከበርበትን ሥራ እያዘጋጀ ሳለ ባለቤቱ የሳተውን ማረሙ የእውነተኛ መዝገብ ያዥ ጠባይ ነው።

ሥዕሎቹም ተራቸውን ጠብቀው ተናገሩ። የባሉጋኒ የዕፀዋት ሥዕሎችና ማስታወሻዎች ዛሬ በአሜሪካ አገር በኒው ሄቨን ከተማ፥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ከፖል ሜሎን ስብስብ ጋር ይገኛሉ። በ1991 የሥነ ጥበብና የዕፀዋት ሊቃውንት ተባብረው ሥዕሎቹን በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በርእሱም ላይ የተጻፈው የሉዊጂ ባሉጋኒ ስም ነው። ሠዓሊው በሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቈይቶ መሆኑ ነው።

ሌላ ዓይነት ደጋፊም በዚያው ዘመን ነበረ። ብሩስ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎርድ ቫለንሺያ የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ምሥራቅ ለመጓዝ ሲነሣ፥ በለንደን ሥዕል የተማረውን ሄንሪ ሶልትን ጸሐፊና ሠዓሊ አድርጎ ወሰደው። ጉዟቸው ከ1802 እስከ 1806 ቈየ። በ1805 ቫለንሺያ ሶልትን ወደ ትግራይ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ላከው። ሶልት የትግራይን ተራሮችና የአክሱምን ሐውልት ሣለ። በ1809 በጉዞው ከሣላቸው ሥዕሎች 24ቱ በትልልቅ ገጽ በቀለም ታተሙ። የኅትመቱ ዘዴ የውሃ ቀለምን መልክ ለመያዝ የታሰበ ነበረ፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶ፥ በአሲድ እየተበላ፥ የቀለሙ ድምቀትና ስሳት በደረጃ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከዚያም በእጅ ቀለም ይቀባል። በዚህ ሥራ ላይ የሠዓሊው የሶልት ስም በግልጽ ታተመ። ቫለንሺያ በዚህ ከክብሩ ምንም አልጐደለበትም፤ እንዲያውም የላከው ሰው ስም በተነሣ ቍጥር የላኪውም ስም ይነሣል። ሶልት በኋላ በመንግሥቱ ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መጣ፤ ከትግራይም ለእንግሊዝ ንጉሥ የተላከውን ደብዳቤ በ1811 የተረጐመው ያው የእረኛው ልጅ አሌክሳንደር ማሬ ነበረ።

ከአንባቢዎቻችን አንዱ፥ በእኛስ አገር የሥዕል ሥራ ላይ የሚታወቀው የሠዓሊው ሳይሆን የአሠሪው ስም አይደለምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ የጥንት ሠዓሊዎቻችን ግን ብዙውን ጊዜ ስማቸውን አልጻፉም። ነገር ግን ልዩነት አለ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥራውን እንደ ጸሎት ስለሚቈጥረው ስሙን በገዛ ፈቃዱ ለእግዚአብሔር ይተወዋል። ባሉጋኒ ግን ስሙን አልተወም፤ ሌላ ሰው ወሰደበት።

ከደብረ ማርቆስም የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በ1881 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃም ንጉሥ ሆነው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፥ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን በቤታቸው አሳደጓቸው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ በትውልዳቸው ኦሮሞ ሲሆኑ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ሊቅም ሠዓሊም ሆኑ፤ የጎጃምንም ታሪክ ጻፉ። ይህ የታሪክ ሥራቸው በ2014 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታትሟል። ስለ ንጉሡና ስለ ዘመናቸው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሚመለከታቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ የእኒህ ሠዓሊ ብዕር ነው። አሳዳሪው ያሳደጉት ሰው ስም ተጠብቆ ስለ ቈየ የአሳዳሪውም ስም በእርሱ በኩል ተጠብቋል።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ይህ ነገር የሠዓሊዎች ነገር ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ አንዱ ሌሊቱን ተቀምጦ ረቂቅ ያዘጋጃል፥ ሌላው በማግሥቱ ይፈርምበታል። አለቃ መፈረሙ የሥራ ሥርዓት ነው፤ ኀላፊነቱን ይቀበላልና። ዳሩ ግን መፈረምና መድከም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥናቱ በስብሰባ ላይ ሲመሰገን፥ ያዘጋጀው እገሌ ነው ብሎ መናገር አንድ ቃል ብቻ ይጠይቃል። ያቺ አንዲት ቃል ስትቀር ደካሚው ሰው ይከፋል፤ የሚቀጥለው ሥራ በግማሽ ልብ ይሠራል፤ ስሕተት ሲገኝም ለአለቃው የሚመሰክርለት ሰው አይገኝም። ብሩስ የባሉጋኒን ሥዕል በገንዘቡ ገዝቶታል፤ የሥዕሉ ባለቤት መሆኑን ማንም አይክደውም። ያልገዛው፥ ሊገዛውም የማይችለው፥ ሥዕሉን ማን ሣለው የሚለውን እውነት ነው።

ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚነገረው ታሪክ፥ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን በግሽ ዓባይ ውሃ ውስጥ በአደራ አስቀምጠው ከዓመታት በኋላ ውሃ ሳይነካቸው መልሰው እንደ ተቀበሉ ይናገራል። የባሉጋኒም ማስታወሻ በዚያው ምንጭ አጠገብ ተጽፎ፥ በረሓ አቋርጦ፥ በባለ ጉዳዩ ሣጥን ተቈልፎ ከቈየ በኋላ ሳይጠፋ ለአንባቢ ደረሰ። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ለሥራም ሆነ ለጸበል ወደ ሰከላ የሚጓዝ ቢኖር፥ በመንገዱ ኮሶና ዋንዛ ባየ ጊዜ ሁለቱንም ሰዎች ያስታውሳቸው፤ ገንዘቡን የሰጠውንና እጁን የሰጠውን። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት በከንቱ አይደለም።